በጣት የተነበበ ወረቀት

ሦስተኛው ጥይት ሲፈነዳ ዴሊያ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ኮርቢንም እንደ ልማዱ ሳቀባት።

«ወረቀቱስ ደህና ነው፤ እኔን ያሳዘነኝ ትከሻሽ ነው» አላት።

«አፍህን ዝጋና ሄደህ አምጣው።»

ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጡት ወደ እነ ኮርቢን የከብት ማሰማሪያ ነበር። ራቅ ብሎ በቆመ የእንጨት አጥር ላይ ሰፋፊ ቡናማ ወረቀት እየወጠሩ ይተኩሱበታል። በየወረቀቱ መሃል ዴሊያ በከሰል ስላ፣ ዳር ዳሩን ሲባጎ የለጠፈችበት የተርኪ፣ የዚያ ትልቅ የዱር ወፍ፣ ራስና አንገት አለ። ስዕሉ ከተርኪ ይልቅ የኮርቢንን ሴት አያት ይመስላል፤ ይህንንም የመሰከረው ኮርቢን ራሱ ነው።

ቅዳሜ የታዳጊዎች የአደን ቀን ነው። የዱር ተርኪ ትልቅ ዶሮ ነው ብሎ የናቀው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዓይኑ የማያየው ነገር የለም፣ ገላው ደግሞ ላባ ብቻ ስለሆነ ራሱንና አንገቱን ካልመቱት አይወድቅም። ለዚህ የሚሆነው ጠመንጃ እፍኝ ሙሉ የእርሳስ ፍሬ ነው የሚረጨው። ታዲያ ጠመንጃም እንደ ሰው ሆድ ነው፤ ለአንዱ የተስማማው ለሌላው አይስማማም። አንዱ ጥይት ፍሬውን ሰብስቦ ይወስደዋል፣ ሌላው ይበትነዋል። ይህን ሳያውቁ ጫካ መግባት ወፉን አቁስሎ መልቀቅ ነው፤ ቆስሎ ሄዶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሞተ ተርኪ ደግሞ በዚያ አካባቢ የአዳኙን ስም እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይከተለዋል።

ከሱቅ የተገዛው የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር በሳስቶት አንገቱን ግን ማረው። ሁለተኛው፣ አዲስ የወጣው፣ ሻል አለ። ሦስተኛው ከኮርቢን ኪስ የወጣ ነበር፤ ቀለሁ አረንጓዴ፣ አፉ በሻማ ሰም የተደፈነ። ኮርቢን ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

«ኧረ ተይኝ» አለ። «እይው። አንድም አልባከነም።»

እውነትም የአንገቱ ስዕል ከቀዳዳው ብዛት ወንፊት ሆኗል። ዴሊያ ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። በአባቱ ዕቃ ቤት፣ ከቀለም ቆርቆሮዎች ጀርባ እንዳገኘው ነገራት። የሱቁ ጥይት ፍሬ ሁሉ እኩል ነው፤ ይህን ግን አባቱ ከዓመታት በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ትልልቅና ትንንሽ ፍሬ እየቀላቀለ ራሱ የሠራው ነው፤ «አተርና ባቄላ» ይለው ነበር፤ የአደኑ ወቅት ሲከፈት ሊፎክርበት ስለፈለገ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብሎት ነበር። ከዚያ ድንገት ተወው። የጥይት መሥሪያውንም ሸጠው።

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ዓይኔ ደከመ አለ። በይ አሁን እንደ ወሰድኩ እንዳትነግሪው።»

ዴሊያ ወረቀቶቹን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ያቺን አንገት እያሰበች ፈገግ ትል ነበር። አባቷ ይህን ሲነካ እንዴት ደስ እንደሚለው ታውቃለች።

አባቷ ቨርጂል በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ኮረብታው አዙሮ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ከጠፉ ይህ አራተኛ ጸደይ ነው። ዓይኑ በጠፋበት ቀን ጎህ ሲቀድ ከትልቁ የኦክ ዛፍ ሥር፣ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ በእንጨት መጥሪያው የሴቷን ድምፅ እያሰማ ወንዱን ተርኪ ይጠራ ነበር። አንድ ሰው ድምፁን ተከትሎ በቁጥቋጦው መሃል እየተሳበ መጣ። ይህ በዚያ አገር ትልቅ ጥፋት ነው፤ ተርኪ ተቀምጠው ይጠሩታል እንጂ ድምፁን ተከትለው አይሄዱበትም፣ የሚጮኸው ወፍ ይሁን ሰው በምን ይታወቃል? ቀይ ነገርም ተይዞ አይወጣም፤ በጸደይ የወንዱ ራስ ቀይ ነውና። አባቷ ግን በዚያች ሰዓት ራበውና የበቆሎ ዳቦውን ከኪሱ አወጣ። ዳቦው በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። የጠቀለለችው ዴሊያ ናት።

የተኮሰው ሰው አልተገኘም። የዱር እንስሳት ጠባቂው ጠይቆ ጠያይቆ ተመለሰ። ቆይቶ አባቷን ያገኘውና በጀርባው አዝሎ ያወረደው የኮርቢን አባት ሮይስ ነው፤ በዚህም የተነሳ ሰፈሩ ስሙን በምስጋና ነው የሚያነሳው። ከዚያ ወዲህ ሮይስ አንድም ሳምንት ቀርቶ አያውቅም። ፀጉሩን ያስቆርጠዋል፣ እንጨት ይፈልጥለታል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰዋል። ቅዳሜ ዴሊያን ይዟት የሚወጣውም እሱ ነው፤ ልጅ ያለ አዋቂ አያድንም።

ጥይቱ የተተኮሰው አንድ ጊዜ ነው። በዚያ ቤት ግን በየጸደዩ ይተኮሳል። ተርኪዎቹ ጎህ ሲቀድ ከኮረብታው ሲጮኹ እናቷ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት መስኮቶቹን ትዘጋለች፤ አባቷ ግን ወጥቶ ይሰማቸዋል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ሁሉ። ዴሊያም ትራሷን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። በሕልሟ የምታየው ሁልጊዜ ጨርቁን ነው።

ወረቀቶቹን በጣቱ ማንበብ የአባቷ ሐሳብ ነበር። የመጀመሪያውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲባጎውን ፈለገ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹን በጣቶቹ ጫፍ ዳሰሰ።

«ይሄ ሰካራም ነው» አለ። «የትም ነው የሚሄደው። ቀጥዪ።»

ሁለተኛው ጨዋ ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ አለ። ሦስተኛውን ሲነካ ፊቱ በራ። ዴሊያ እንዲህ ሲበራ ካየችው ቆይታለች።

«ውይ፣ አንገቱን ነው እኮ ያነቀው። ምንድን ነው ይሄ?»

መልስ ልትሰጠው ስትል ጣቶቹ ቀስ አሉ። አንድ ቀዳዳ ላይ ቆሙ፣ ወደሚቀጥለው ሄዱ፣ ተመለሱ። ትልቅ። ትንሽ። ትልቅ። ከዚያ ግራ እጁ ሳያስበው ወደ ጉንጩ ወጣ። ሐኪሙ ማውጣት ያልቻላቸው ፍሬዎች ከቆዳው ሥር ዛሬም አሉ፤ ዴሊያ ትንሽ ሆና እየነካች ታውቃቸዋለች፣ አንዱ ተለቅ ያለ፣ ከሱ ወረድ ብሎ ያለው ደግሞ ያነሰ። ያ እጅ ጉንጩ ላይ፣ ይሄኛው ወረቀቱ ላይ ቀረ። ዴሊያ የኮርቢንን ወሬ አስታወሰች፤ አተርና ባቄላ።

ማን እንደሰጣት አልጠየቃትም።

«ሮይስ ዛሬ ይመጣል አይደል?» ነው ያለው።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

ማወቅስ አይባልም አላት። ያላደረገው ሰው ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ይመጣል፣ ከዚያ የራሱ ኑሮ ይይዘዋል። በየሳምንቱ፣ ለዓመታት፣ ማን ይመላለሳል? «ደግሞ ያን ቀን አዝሎኝ ሲወርድ መንገዱን ሁሉ ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይል ነበር። እግዜርን የሚለምን መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከውም?»

«አፉን ከፍቶ እንዲነግረኝ ነዋ። እስከ ዛሬ ጠበቅኩት። ጠይቄው ቢቀርብኝስ? ከሱ ሌላ ማን በዚህ በረንዳ ያልፋል?»

ዴሊያ ልትቆጣ ፈልጋ አለቀሰች። ከዚያ ለእናቷም፣ ለኮርቢንም ነግራው የማታውቀው ነገር ከአፏ ወጣ። «ጨርቁን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቀዩን።»

አባቷ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ይህን ይዛ እንደኖረች አላወቀም ነበር፤ ከሁሉም የከበደው ይህ መሆኑ ከገጽታው ያስታውቃል። እጇን ፈልጎ ያዛት።

«ጨርቅ አይተኩስም፣ የኔ ልጅ» አላት። «ሰው ነው የሚተኩሰው። እኔን ዝም ያስባለኝ ፍርሃት አንቺንም ሲበላሽ ነው የኖረው ማለት ነው?»

ከዚያ ወረቀቱን ሰጣት። ምድጃ ውስጥ ብትከተው ከዛሬ በኋላ እንደማያነሳባት፣ ባትከተውም እንደማይቆጣት ነገራት። ኮርቢንም ጓደኛሽ ነው አላት፤ እሱም ቢሆን አባት አለው፣ አስቢበት።

ዴሊያ ወረቀቱን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ክብሪቱ እዚያው ምድጃው ላይ ነው። ኮርቢንን አሰበችው፤ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ሲያስቃት፣ አሁን ደግሞ የሆነውን ሳያውቅ ቤቱ ራቱን ሲበላ። ይህ ወረቀት ከተቃጠለ ሰኞ አብረው ይስቃሉ፣ ሮይስም እንጨት ይፈልጣል፣ ሁሉም በነበረበት ይቀጥላል። ቅዳሜን ደግሞ አሰበች። ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፣ መጥሪያውን ታሰማለች፣ ሮይስ ከጎኗ ይሆናል። እዚያም ዝም ይላል። እሷም ዝም ትላለች። ስታረጅም በየጸደዩ ጆሮዋ ላይ ትራስ እያደረገች።

ክብሪቱን ትታ ከመሳቢያው ሚስማርና መዶሻ አወጣች።

ሁለቱን ወረቀቶች በበረንዳው ግድግዳ ላይ ግራና ቀኝ መታቻቸው። ሦስተኛውን መሃል ላይ፣ ደረጃውን የወጣ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ቦታ ላይ አደረገችው። አባቷ መዶሻውን ሰምቶ ሸሚዙን አስተካከለና ቀና ብሎ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ልትገባ ስትል የሮይስ ፒካፕ ግቢ ገባ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በአንድ እጁ የእንቁላል ቅርጫት ይዞ ወረደ፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ገና ከሩቅ የሚያወራ ሰው ነው።

«እሺ አዳኟ፣ የትኛው ጥይት አሸነፈ?» አለ እየመጣ። «ወረቀቶቹን ሳላይ ራት አልበላም ብያለሁ!»

የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠ፣ ሁለተኛውን ረገጠ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

አባቷ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር፣ ልክ ጎህ ሲቀድ እንደሚያደርገው። ሮይስ መሃለኛውን ወረቀት አየ። ቀረብ ብሎ ማየት አላስፈለገውም፤ የገዛ እጁን ሥራ ማን ይረሳል? ፊቱ አመድ መሰለ። ከኮረብታው አንድ ተርኪ ወደ ማደሪያው ዛፍ ሲወጣ ጮኸ፣ ሮይስም በድንጋጤ ዘለለ፤ ከቅርጫቱ አንድ እንቁላል ወድቆ ተሰበረ።

ዘወር ብሎ ፒካፑን አየ። በሩ እንደተከፈተ ነው፣ ሞተሩም ይሠራል። ዴሊያ ዓይኑን ስታይ ያን ቀን በጫካው ውስጥ ምን እንዳደረገ ገባት፤ መጀመሪያ እንደሮጠ፣ ከዚያ እንደተመለሰ። አሁን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያደርግ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ዴሊያ ባዶውን ሦስተኛ ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ በእሷና በአባቷ መካከል አቆመችው።

«ጋሼ ሮይስ፣ ተቀመጥ» አለችው። «አባዬ ብዙ ጠብቆሃል።»