ማን አጸደቀው?

ይህን ታሪክ እመኑኝ ብዬ ማንንም አልለምንም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ "ተኝተህ ነበር እንዴ?" ብዬ አሾፍበት ነበር። ግን በእውነት ደርሷል፤ የደረሰውም በእኔ ላይ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃ የሌለው የኮምፒውተር ክፍል፣ የማያስተነፍስ ወበቅ። መብራት አልጠፋም። ነፋስ አላፏጨም። ጨለማ አሳስቶህ ነው የምትሉኝ ካላችሁ እሱን እርሱት።

የማስተምረው ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ነው። ትምህርቱ የሂሳብ አያያዝ መረጃ ሥርዓት ይባላል። ባጭሩ፣ የድርጅት ሂሳብ በኮምፒውተር ሲሠራ ማን ምን መንካት እንዳለበት፣ ማን ምን መንካት እንደሌለበት ነው የማስተምረው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ክፍል አንጀቴን አሳርሮታል።

ሁሉም ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ይውሉና ቅዳሜ እኔ ዘንድ መጥተው ያንቀላፋሉ። ሴሚስተሩን ሙሉ የለፈለፍኩት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሲስተሙ የሚያስገባ ሌላ፣ የሚያጸድቅ ሌላ። እነሱ ግን የአጽዳቂውን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፈው ስክሪኑ ጥግ ላይ ይለጥፉታል። ሁሉም እንዲጠቀምበት። ሳስረዳ ውዬ ጥያቄ ካለ ስል ደግሞ የግብር ቢሮው ሰውዬ እጁን ያወጣና "መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ይለኛል።

በዚያ ላይ ታናሽ እህቴ ከተማሪዎቹ አንዷ ናት። ቤት "ጋሼ" ትለኛለች። ክፍል ውስጥ "መምህር" ልትለኝ ትሞክርና ሳቋ ይቀድማታል። አዳላ እንዳልባል ከሁሉም አብልጬ የምቆጣው እሷን ነበር።

የዚያን ቀን ምርር ብሎኝ ነበር። ጠዋት ቀድሜ ገብቼ የአጽዳቂውን አካውንት ከነይለፍ ቃሉ አጠፋሁት። ሲስተሙ ውስጥ ማጽደቅ የሚችል ማንም አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ። እኔም ጭምር አልችልም ነበር።

የቤት ሥራቸው የልጅ ሥራ ነበር። ለመለማመጃው ድርጅት የፈጠራ ስም ያላቸው ሠራተኞች መመዝገብ፤ በቃ። ፕሮጀክተሩን ስከፍት ግን...

የተማሪዎቹ የራሳቸው ስም ተደርድሯል። የእኔም አለበት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጊዜ አጠረን መምህር" አለ ባንከሩ። ባንክ ስለሚሠራ ነው እንዲህ የምንለው። "የክፍሉን ሰው ስም እንዳለ አስገባሁት።"

"የእውነት ሰው ስም መለማመጃ ላይ አይገባም ብዬ ስንቴ ነገርኳችሁ? ስም መፍጠር አቃታችሁ? ልጅ ስትወልዱ ስም የሚያወጣላችሁ ሰው ቀጥራችሁ ነው?"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የሠራተኛ ስንብት እንዴት እንደሚመዘገብ እንዲያሳየን ባንከሩን አዘዝኩት። ተንጠራራና "እንግዲያው እኔኑ አሰናብቱኝ፣ ደክሞኛል" ብሎ የራሱን ስም አስገባ።

ስክሪኑ ላይ "ማጽደቅ ይጠብቃል" የሚል ወጣ።

"አያችሁ?" አልኩ። "አጽዳቂ የለም። እስከ ምጽአት ይጠብቃል። የገባ ነገር ደግሞ አይሰረዝም። ስህተት ከሆነ በትክክለኛው ይተካል እንጂ..."

ጸድቋል።

አፌን ሳልዘጋ ነው ጽሑፉ የተለወጠው።

"ማነው የነካው?"

ዝም።

"እጃችሁን ከኪቦርድ ላይ አንሡ። ሁላችሁም።"

ሁሉም አነሡ።

ኪቦርድ ሲመታ ግን ይሰማኝ ነበር። ቀስ ብሎ... አንድ... አንድ... ከጥግ በኩል። ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆይቷል። የአቧራ መከላከያ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው የሚውለው።

ያን ጊዜ መፍራት ነበረብኝ። ብስጭቴ ቀደመ። ዞሬ ሰሌዳው ላይ "ማስገባት" እና "ማጽደቅ" የሚሉ ቃላት በትልልቁ ጻፍኩ። መለስ ስል...

ባንከሩ የለም።

በሩ ከሰሌዳው ጎን ነው። በአጠገቤ ሳያልፍ መውጣት አይችልም። ወንበሩ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። አሁን ሲሠራበት የነበረው ኮምፒውተር ላስቲክ ለብሷል። ላስቲኩ ላይ የከረመ አቧራ አለ።

"ባንከሩ የት ሄደ?"

"የቱ ባንከር?" አለች ከጎኑ ትቀመጥ የነበረችው የሆስፒታል ገንዘብ ያዥ።

እህቴ ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ ደሜን አፈላችው። መክረው የሚቀልዱብኝ መሰለኝ።

"ጥሩ። እንቀልዳ" አልኩ። የራሴን ኪቦርድ ስቤ የእህቴን ስም ስንብት ላይ አስገባሁት። "በሉ አሁንም አጽድቁ።"

ማጽደቅ ይጠብቃል።

እህቴ ተነሥታ አጠገቤ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ... ምን ሆነሃል?"

"ባንከሩን የት ደበቃችሁት?"

"ባንክ የሚሠራ ሰው እኮ እዚህ ክፍል የለም።"

"አትቀልጂ።"

"እማዬ ትሙት።"

እህቴ በእናታችን በውሸት አትምልም። በልጅነቷም አድርጋው አታውቅም። ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

ኪቦርዱ ላይ ተደፋሁ። ሰርዝ። "የገባ አይሰረዝም።" ሰርዝ። "የገባ አይሰረዝም።" ይህን ክልከላ ሲስተሙ ላይ ያስገባሁት እኔው ነኝ፣ ያውም በኩራት። ሶኬቱን ነቀልኩት። ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ስክሪኑ እንደበራ ነው።

"መምህር" አለ የግብር ቢሮው ሰውዬ ከኋላ። "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?"

ዞር ብዬም አላየሁት።

ጥግ ካለው ላስቲክ ሥር ኪቦርድ ተመታ። አንድ... አንድ... ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

"ያስገባኸው አንተ ነህ?"

ጥያቄውን አውቀዋለሁ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አጽዳቂ ከማጽደቁ በፊት ያስገባውን ሰው ይጠይቅ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼያለሁ። ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንድም ጠይቆ አያውቅም። የሰማኝ ይሄ ብቻ ነበር።

"እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። "ስህተት ነው። ተወው።"



"ትክክለኛው ማነው?"

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ጋሼ... ውሃ ላምጣልህ?" አለች በሹክሹክታ። መያዟ ይሰማኛል፤ ግን እጇ እየቀለለ ሲሄድ ይታወቀኛል። ቀለለ... ቀለለ... ዞር ብዬ ባላያት ኖሮ ለቀቀችኝ እል ነበር።

የማንን ስም ልስጠው? ክፍሉን ቃኘሁት። ገንዘብ ያዧ ልጆች አሏት። የግብር ቢሮው ሰውዬ ደብተሩን ከፍቶ ገና መልሴን ይጠብቃል። ያናደዱኝ ሁሉ እዚያ ተቀምጠው በደግ ዓይን ያዩኛል። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

የእህቴን ስም በራሴ ስም ተካሁት።

ጸድቋል።

እጇን ከክንዴ ላይ አነሣች። ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። እንግዳ ሰው የነካች ያህል አፍራ፣

"ይቅርታ... ማንን ፈልገው ነው?" አለችኝ።

ከክፍሉ ስወጣ ደረጃው ላይ ባንከሩ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"መምህር... ያውቁኛል?"

"አውቅሃለሁ።"

"ሚስቴ ጋ ደወልኩ። 'ተሳስተዋል' ብላ ዘጋችብኝ።"

"የራስህን ስም ለምን ታስገባለህ?" ብዬ ጮህኩበት። "ስንቴ ልንገርህ?" በዚያች ሰዓት እንኳ መቆጣት አልተውኩም። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንደሱ አለቀስኩ።

ሰፈር ስደርስ ገና አልመሸም ነበር። ቁልፌ አልገባ አለኝ። አንኳኳሁ።

የከፈተችው እህቴ ናት። ደህና ናት። የበሩን እጀታ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ እጇ የእውነት እጅ ነው። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ግን "እህት ዓለም" ብዬ ላቅፋት ስንቀሳቀስ በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ቤት ተሳስተው ይሆናል" አለችኝ በትሕትና።

"ማነው ልጄ?" የሚል የእናቴ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ተሳስተው ነው እማዬ።" ወደ ጠረጴዛው ዞር አለች። "አንተ ደግሞ ብላ እንጂ ጋሼ... ይቀዘቅዝብሃል።"

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁ። እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ሸሚዜን የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። እናቴ አጠገቡ ቆማ ፀጉሩን ትዳብሳለች።

ልብ ብዬ ሳይ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ምንም አልነበረም። የእናቴ እጅ ግን ባዶው ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር... ቀስ ብሎ... እኔን ስትዳብስ እንደምታደርገው።