የፔምቢና ወንዝ የጎደለው ውሃ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ገና ስላልመጣ ዘመን ነው የማጫውታችሁ።

በካናዳ ምድር ፔምቢና የሚባል ወንዝ አለ። ከተራራ ግርጌ ይነሣል፤ ምንጩንም ረግረጉንም እየሰበሰበ፣ እየተጠማዘዘ ወርዶ ለትልቁ ወንዝ ለአታባስካ ይገብራል። አታባስካም ወደ ሰሜን ይዞት ይሄዳል። የዚያ አገር ጠብታ እስከ በረዶው ባሕር ትጓዛለች እኮ!

ትርፌ የምትባል የውሃ አዋቂ በወንዙ ላይ በሚንሳፈፍ ቤተ ሙከራ መንትያውን ትጠብቅ ነበር። መንትያ ማለት ጠረጴዛ ላይ የሚፈስ፣ የሚናገርም የወንዙ አምሳል ነው፤ ውጭ ሲዘንብ እሱም ላይ ያካፋል።

አንድ የጸደይ ጠዋት መንትያው እንዲህ አላት፦ «ከላይኛው ጅረት ብዙ ውሃ ጎድሏል። መንገዱ ላይ አርባ ሁለት የቢቨር ግድቦች አሉ። ጠራጊ ማሽኖቹ እንዲያፈርሷቸው እስከ ቀትር ፍቀጂ።» ቢቨር በጥርሱ ዛፍ ቆርጦ ውሃ የሚገድብ እንስሳ ነው።

«ከታች ያለችው መንደርስ?»

«አያሰጋትም። የእንስሳ ግድብ ብዙ ውሃ አይዝም።»

«ታዲያ የጎደለው ውሃ የት ገባ?»

ትርፌ በራሪ ታንኳዋን አስነሥታ ወደ ላይ ገሰገሰች። ጠራጊዎቹ ዳር ላይ ተሰልፈዋል። ከፊታቸው አንዲት አሮጊት እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ችካል ይመታሉ፤ ክሪ ከሚባለው ከነባሩ ሕዝብ የተወለዱ ናቸው፣ ሮዝ ካርዲናል ይባላሉ።

«እማማ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አንቺስ እዚያ ተንጠልጥለሽ ምን ትሠሪያለሽ? ይልቅ ውረጂና ይህን እንጨት ያዢልኝ!»

ወርዳ ያዘችላቸው።

«በእናቴ ዘመን ቢቨሮቹ አልቀው ነበር» አሏት። «በረዶ ሲቀልጥ ጎርፉ ቤታችንን ይጠርጋል፤ በበጋ ደግሞ ጉሮሮ ማርጠቢያ ይጠፋል። እናቴ ‹እነሱ ከሌሉ እኛ እንተካቸው› አለች። ይኸው ስልሳ ዓመት እንጨት እንተክላለን፣ ጭቃ እንመርጋለን። ኋላ እነሱም ተመለሱ፤ ሳያንኳኩ ገቡበት!»

ትርፌ ቀና ብላ አየች። ኩሬ ከኩሬ በላይ እንደ ደረጃ ተደርድሯል፤ የጎደለው ውሃ ሁሉ እዚያ ተኝቷል። ባንድ ጊዜ ቢለቀቅ መንደሯ አለቀላት።

«አልፈቅድም!» አለች ለመንትያው በታንኳዋ መነጋገሪያ። «ማሽኖቹን መልስ። ግድቡ የሰው ሥራ ነው።»

«መለየት አልቻልኩም ነበር» አለ መንትያው። «መዝገቡን ላርመው?»

አሮጊቷ ሳቁ። «ተወው በይው። ቢቨር ተብዬ መመዝገብን የመሰለ ምን ክብር አለ?»

ቅጠልን ከቅጠል የሚለይ ማሽን የሰውን እጅ ከቢቨር ጥርስ መለየት አቃተው። ትርፌም ሰው በመሆኗ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

እናንተም ልጆቼ፣ ጸጥ ያለ ወንዝ ስትሻገሩ፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ ጭቃ የሚመርግ ሰው መኖሩን አስቡልኝ፤ እሺ?