አንድ ምራቅ በሁለት ብልቃጥ

«ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተገኝቷል» አሉ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ከላቦራቶሪ የተላከውን ወረቀት እያውለበለቡ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፌንጣ ግን ክው አለች። ፌንጣ ያሏት ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስለምትወጣ ነው፤ በእውነተኛ ስሟ የምትጠራው ስም ሲጠራ ብቻ ነው። መምህሩም ቢሆኑ ከጀርባቸው «ጋሽ ሴል» ነው የሚባሉት፤ ስለ እግር ኳስ እንኳ ሲያወሩ ሴል ሳያነሱ አይጨርሱም።

«ሁለት ብልቃጥ ምራቅ» ቀጠሉ ጋሽ ሴል። «አንዱ የልጅ፣ አንዱ የእናት ተብሎ የሄደ። ላቦራቶሪው ግን ዲኤንኤው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፣ የአንድ ሰው ነው ይላል። እናትና ልጅ ግማሹን ነው የሚጋሩት እንጂ እንዲህ አይገጥሙም። መቼም እዚያ ያለው ሠራተኛ አደባልቆት ነው፤ ደውዬ ልክ ልኩን ነው የምነግረው።»

«በቃ ወላጅ አምጣ ሲባል ራሱን ይዞ ይመጣላ!» አለች ከፌንጣ አጠገብ የምትቀመጠው ሬዲዮ። ሬዲዮ ጠዋት ከተከፈተች ማታ ድረስ አትዘጋም። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ፌንጣም እንዳይነቃባት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ለራሷም አላማራትም።

ነገሩ የተጀመረው ከኋላ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቅ የዓለም ካርታ ነው። የጥንት ሰዎች በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ በእግራቸው እየተጓዙ ዓለምን እንዴት እንደሞሉ የሚያሳዩ ቀስቶች ተስለውበታል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱንና የእናቱን ምራቅ አስመርምሮ፣ የእናቱ የዘር ሐረግ በየትኛው ቀስት እንደተጓዘ ካርታው ላይ ያመለክታል። «ከዲኤንኤ ውስጥ አንዷ ቁራጭ» ብለው ነበር ጋሽ ሴል፣ «ከእናት ወደ ልጅ እንዳለች ነው የምታልፈው። እናትሽ ከእናቷ፣ እሷም ከእናቷ፣ እያለ እስከ ጥንት ድረስ።»

ፌንጣ ከዚህ ሁሉ የያዘችው «እንዳለች» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። እናትና ልጅ ከተመረመሩ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ማለት ነው። ስለዚህ ብልቃጦቹን ቤት ወስዳ፣ መታጠቢያ ቤት ቆልፋ፣ ሁለቱም ውስጥ ራሷ ተፋች። ሁለተኛው ላይ ምራቋ አልቆ ስለ ሎሚ እያሰበች ነበር የሞላችው። ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም።

ምክንያቱን የሚያውቅ ማንም የለም። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብላ ስትመለስ፣ አክስቷ ወጥ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ስትከራከር ሰማች። «ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማው ምን ይውጥሻል? አልወለድኩሽም፣ አሳደግኩሽ እንጂ በያትና ይውጣልሽ!» ነበር ያለችው አክስቷ። እናቷ «ዝም በይ፣ ልጄ ትመጣለች» አለች። ልጇ መጥታ በሩ ጋ ቆማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፌንጣ ያልሰማች መስላ ኖረች። ነገሩ አንዴ ከተነገረ እናቷ እንደ ልጇ እሷን መቆጣቷን ትታ እንደ እንግዳ የምትንከባከባት ይመስላት ነበር። ይህን ከምታይ ዕድሜ ልኳን ብታስመስል ትመርጣለች።

ደወሉ ሲደወል ጋሽ ሴል አስቀሯት። «ያንቺና የእናትሽ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ነገ ከትምህርት በኋላ ይዘሻት ነይ፤ እዚሁ ትሰጠኛለች፣ እዚሁ አሽገዋለሁ።»

«ባይመቻትስ?»

«ካልፈለገች አትገደድም። ግን ትጠየቅ።»

ፌንጣ እስከ እናቷ መሥሪያ ቤት ድረስ ውሸት ስትመርጥ ሄደች። እናቴ ጉዞ ላይ ናት? ይታወቅባታል። እናቴ እምቢ አለች? ይሄ ይሻላል። እንዲያውም እናቷ ከልቧ እምቢ ብትል ውሸትም አያስፈልግም። አዎ፣ እምቢ ትላለች። ይህን ስታስብ ትንሽ ቀለል አላት።

እናቷ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናት። ክፍሉ ቆዳ ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል፤ ወለሉ ላይ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ተበትኗል። እናቷ ከማሽኑ ላይ ቀና ብላ አየቻት።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ማን ነካብኝ?»

«ማንም። ነገ መምህራችን ይፈልጉሻል። ምራቅ እንድትሰጪ።»

«ምራቄን? ምን ሊያደርጉበት?» ሳቀች እናቷ።

ፌንጣ ዓይኗን ስፖንጁ ላይ ተክላ አስረዳች። የእኔንና ያንቺን ያስተያያሉ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፍ ነገር አለ፣ ከዚያ የጥንት ዘመዶቻችን ከየት ተነስተው በየት እንዳለፉ ይታወቃል አለች።

የእናቷ እግር ከፔዳሉ ላይ ወረደ። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። «ከእናት ወደ ልጅ» አለች ቀስ ብላ።

«ካልፈለግሽ ግን አትገደጂም። እምቢ አለች እላቸዋለሁ።»

እናቷ መርፌውን ከቆዳው አንስታ ክሩን አወጣችና መልሳ ልታስገባ ሞከረች። በጨለማ እንኳ የምታስገባውን ክር ሦስቴ ሳተችው።

«እመጣለሁ» አለች እናቷ በመጨረሻ።

በማግስቱ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። ጋሽ ሴል ባዶውን ብልቃጥ ሰጧት፣ አፏን ከተጉመጠመጠች በኋላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳልቀመሰች አረጋገጡና ማሸጊያ ሊያመጡ ወጡ። ቤተ ሙከራው ውስጥ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

እናቷ ብልቃጡን ወደ አፏ አስጠጋች። ምንም ጠብ አላለም። «አፌ ደረቀ» አለችና ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እስቲ ቁጭ በይ ልጄ። ይሄ ነገር ከመሄዱ በፊት ከእኔ አፍ መስማት ያለብሽ ነገር አለ። ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ ነው ያደርኩት። እኔ አንቺን...» እንደገና ጀመረች። «አንቺ ለእኔ...»

ፌንጣ ዝም ብትል እናቷ እንደምንም ታወጣዋለች። ከዚያ እንደ አዲስ መደንገጥ፣ እንደ አዲስ ማልቀስ ይቻላል። ዓመት ሙሉ ያስመሰለች ልጅ ይህ አያቅታትም። ግን የእናቷን እጅ አየች። ቆዳ የሚበሳው እጅ የክት ልብሷን ጫፍ ይጠቀልላል፣ መልሶ ይፈታል።

«እማዬ፣ በፊት የሄዱት ሁለቱም የእኔ ምራቅ ናቸው።»

«እንዴት ማለት?»

«ሁለቱንም እኔ ነኝ የተፋሁት።»

«ለምን ብለሽ?»

«እንዲገጥም ብዬ።»

እናቷ ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ከተቆጣችሽ ቀን ጀምሮ።»

«ዓመት ሙሉ! እኔ አንቺን እደብቃለሁ፣ አንቺ እኔን! የማትረቢ! ብቻሽን ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ?» ዕንባዋ እየወረደ ነው የምትቆጣው። እንደ ሁልጊዜው፣ እንደ ልጇ ነበር የተቆጣቻት። ፌንጣ በቁጣ መሀል ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ማን ነበረች?» ጠየቀች።

«ጓደኛዬ። ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። አንቺን በወለደች በሳምንቷ ሞተች፤ ከእጇ ነው የተቀበልኩሽ።»

በሩ ተንኳኳና ጋሽ ሴል ገቡ። ባዶውን ብልቃጥ አዩ፤ የሁለቱን ፊት አዩ፤ ማሸጊያውን ይዘው ቆሙ።

«ቲቸር፣ የላቦራቶሪው ሰው አልተሳሳተም» አለች ፌንጣ ተነስታ። «ሁለቱንም የሞላሁት እኔ ነኝ። እባክዎ እንዳይቆጡት።»

ጋሽ ሴል ለምን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና እናቷን ሲያዩ ተዉት። «ከሠራተኛው ጋር እኔ እታረቃለሁ» አሉ። «የአሁኑን እንተወው እንዴ?»

እናቷ ወደ እሷ ዞረች። ውሳኔው የፌንጣ ነበር። ብልቃጡ ቢቀር ማንም ምንም አያውቅም።

«የሁለታችንም ይሂድ» አለች ፌንጣ። «አይገጥምም። ይሂድ።»

ጋሽ ሴል በእሺታ ራሳቸውን ነቅንቀው ማሸጊያውን ጠረጴዛው ላይ ተዉትና ወጥተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

«እንግዲያው ውሃ አቀብይኝ» አለች እናቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «በዚህ አፍ ምን ይወጣል?»

«ውሃ አይቻልም እማዬ፣ ራሱ እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው።» ፌንጣ ወንበሯን ጎትታ ጉልበታቸው እስኪነካካ ተጠጋች። «እስከዚያ ስለ እሷ ንገሪኝ።»