በክር ላይ የሄደ ገበጣ

ክሩ አልሳብ አለ።

አፊፋ ዱካው ላይ ቆማ በትንሿ መስኮት አጮልቃ አየች። የክብሪት ቀፎው ማዶ ካለው ከእናናየሁ መስኮት ተነስቶ ግማሽ መንገድ መጥቶ ነበር፤ አሁን ከጠባቡ መተላለፊያ መሃል፣ ከሰው አናት በላይ፣ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የክሩ ቋጠሮ እናናየሁ ዘንድ ያለው ማጠንጠኛ ላይ ተቀርቅሯል ማለት ነው። ቀስ ብላ ሳበች። እንቢ። ጠንከር አድርጋ ሳበች። አሁንም እንቢ! ያኔ የቦት ጫማ ኮቴ ሰማች።

«ያ አላህ!»

ጓድ ገብረአብ ነበር፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ። ድሮ ሱሪውን ሊያሳጥር የአባቷ የዓወል ልብስ ስፌት ቤት ሲመጣ ጋሼ ትለው፣ እሱም ከረሜላ ይሰጣት ነበር። አሁን፣ በሰባ ዓመተ ምህረት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሼ ገብረአብ የሚለው ሰው የለም። ጓድ ሆኗል፤ ጠመንጃም ይዟል። ከረሜላውማ የት አባቱ!

ደንግጣ በሁለት እጇ ስትጎትት ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። የክብሪት ቀፎው ገብረአብ እግር ሥር ዱብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና የእናናየሁን ወንድም ተክለጊዮርጊስን ኪሱ ውስጥ ወረቀት ተገኘ ብለው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እናቱ እትዬ በሰለች እናናየሁን ከትምህርት ቤት በቀር የትም አትሰድም። የአፊፋ እናት ሲቲም «እዚያ ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ» ብላለች። ሁለቱ ልጆች ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ገበጣ መዋል አይችሉም። ስለዚህ ክረምት ላይ መላ መቱ። ክር ያለቀባቸውን ሁለት የእንጨት ማጠንጠኛዎች ከአባቷ ቤት አምጥተው በየመስኮታቸው ምስማር ላይ ሰኩ፤ ረጅም የሱፍ ክር ዙሪያውን አዞሩበት፤ ክሩ ላይ የክብሪት ቀፎ አሰሩ። ሲስቡት ይመጣል፣ ሲስቡት ይሄዳል።

አፊፋ የእንጨት ገበጣ አላት፤ እናናየሁ ከአልጋዋ ሥር አፈሩን ቆፍራለች። አንዷ ያነሳችበትን ጉድጓድ ቁጥር ጽፋ ትልካለች፣ ሌላዋ በራሷ ገበጣ ላይ ትደግመዋለች። የአፊፋ ትንሽ ወንድም በሽር ጠጠሩን እየበተነ ስላስቸገራቸው ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረው ነው የሚጽፉት። በግራ «አ»፣ በቀኝ «እ»፣ ከሥር ቁጥር ብቻ። ዛሬ ቀፎው ይዞት የመጣው የእናናየሁን ተራ ነበር።

ገብረአብ ቀፎውን ከፍቶ ወረቀቱን ዘረጋ። የሚስጥር መልእክት መሰለው፤ ፊቱ ተለወጠ።

አፊፋ የቀረውን ክር በአባቷ መቀስ ቆረጠችው። ማጠንጠኛውን አወለቀች፣ ምስማሩን በጉጠት ነቀለች፣ ቀዳዳውን በምራቋ ባራሰችው አፈር ደፈነች። በነሱ ግድግዳ ላይ አንድም ነገር አልቀረም። እፎይ ልትል ስትል ቀና ብላ አየች። የቆረጠችው ክር በሙሉ ማዶ እናናየሁ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ገብረአብ እሱን ነው የሚያየው።

በሩን በእግሩ መታ። እናናየሁ ወጣች።

«ይሄ ክር የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ለማን ነው የምትልኪበት? ይሄ ‹አ› የሚባለው ማን ነው?»

እናናየሁ ዓይኗን ቦት ጫማው ላይ ተከለች።

«አንቺን እኮ ነው! ‹አ› ማን ነው?»

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ።»

«ጨዋታ! ወንድምሽም እንደዚሁ ነበር የሚለው።»

ክንዷን ይዞ ወሰዳት። እትዬ በሰለች ነጠላዋ መሬት እየጠረገ «ኧረ ልጄን! ኧረ አንዷን እንኳ ተዉልኝ!» እያለች ተከተለች። እናናየሁ በአፊፋ መስኮት ሥር ስታልፍ ቀና አላለችም። አንዴም አላየችም።

አፊፋ ከዱካው ስትወርድ እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሲቲ መጀመሪያ የልጇን ፊት፣ ቀጥላ በእጇ ያለውን ማጠንጠኛ አየች። ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም።

«አንቺም አለሽበት?»

«እማ፣ ገበጣ እኮ ነው። ወላሂ ገበጣ ነው።»

«ማን ሊያምንሽ!» ሲቲ ገበጣውን ከመደቡ ላይ አንስታ ወደ እሳቱ ሄደች። «ምንም አላየሽም፣ ምንም አታውቂም። አባትሽን ልታስበዪብኝ ነው እንዴ ሐሳብሽ?»

እናቷ እውነቷን ነው፤ አፊፋ ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም። ግድግዳው ንጹህ ነው። ግን እናናየሁ ቀና ብላ ያላየችው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ብታይ ኖሮ የገብረአብም ዓይን አብሯት ይዞር ነበር።

«እማ፣ ስጪኝ። ከተቃጠለ ማስረጃ የለንም።»

«የምን ማስረጃ?»

«ቁጥሩ ከስድስት አይበልጥም። ጉድጓዱ በየወገኑ ስድስት ነው፤ ሰባት የለም። ላሳያቸው እችላለሁ። እሷ ግን ‹አ› ማን እንደሆነ አትናገርም። ብትሞትም አትናገርም።»

ሲቲ ገበጣውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። እሳቱ ተንጣጣ። በመጨረሻ ገበጣውን ለልጇ ሰጠች፤ የራሷን ሻሽ ፈትታ ጠጠሮቹን ቋጠረችላት።

«ቢስሚላህ ብለሽ ውጪ» አለች። «ነጠላዬን ላምጣ፣ ከኋላሽ ነኝ።»

ቀበሌው ቅርብ ነው፤ ለአፊፋ ግን መንገዱ አላልቅ አላት። ሁለት ጊዜ ልትመለስ ቆመች። ሁለት ጊዜም የእናቷን ኮቴ ከኋላዋ ሰምታ ቀጠለች።

ገብረአብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ወረቀቱን ያገላብጣል። እናናየሁ አግዳሚው ላይ ናት፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«አንቺ ደግሞ ምን ፈለግሽ?»

አፊፋ ገበጣውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ጋሼ...» አለችና ደነገጠች። «ጓድ። ‹አ› እኔ ነኝ።»

«አንቺ እብድ!» አለች እናናየሁ፣ እንባዋ ዱብ እያለ።

አፊፋ ገበጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሻሹን ፈትታ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ጣለች። አንዱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ቁጥሩን ያንብቡልኝ። ከስድስት የሚበልጥ ካገኙበት እኔንም ይሰሩኝ።»

ገብረአብ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለው። አንዴ። ደግሞ ሁለተኛ። ሰባት የለም።

«‹አ›፣ ሦስት» አለ፣ ሳይወድ በግድ።

አፊፋ ከሦስተኛው ጉድጓድ አንስታ ዘራች። «‹እ›፣ አንድ» አለ ገብረአብ። ዘራች። እሱ ያነባል፣ እሷ ትጥላለች። መሃል ላይ ሲደርሱ ገብረአብ ወንበሩን ወደ ገበጣው አስጠጋ። የመጨረሻውን ቁጥር ሲያነብ፣ አፊፋ ያልደረሳትን፣ እናናየሁ የላከችውን ቁጥር፣ ጠጠሮቹ ዞረው ዞረው ብዙ ጠጠር የተጠራቀመበትን የአፊፋን ጉድጓድ ባዶ አደረጉት።

ሲቲ በሩ ላይ ቆማለች፣ እትዬ በሰለችም አጠገቧ።

ገብረአብ ጠመንጃውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ግድግዳ አስደገፈው። ገበጣውን እያየ ጢሙን አሻሸ።

«አሁን ተራው የማን ነው?»

«የኔ» አለች አፊፋ።