ሠላሳ ጊዜ በአንድ ሰከንድ

«እንግዲህ በዚህ መሠረት ወንድምሽ ፍሪጁን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ከፍቶታል» አለ ፕሮፌሰር፣ መነጽሩን ወደ ላይ እየገፋ። «ልጅ አይደለም፣ ሞተር ነው።»

ሚጢጢ ላፕቶፑን ነጠቀችው። እውነትም «ተከፈተ» ከሚለው ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ያው ሰዓት፣ ያው ሰከንድ ተደርድሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ማርማላታ በየቀኑ ይጎድላል። እናት ትንሹን ልጅ ጠርጥራ ከቅዳሜው የኳስ ግጥሚያ አግዳዋለች። ሚጢጢ ደግሞ «ወንድሜ ማርማላታ አይነካም፤ ማስረጃ አመጣለሁ» ብላ ምላለች። በመነጽሩ የተነሳ ፕሮፌሰር ከሚሉት የክፍል ጓደኛዋ ጋር የፍሪጁ በር ላይ ሴንሰር ለጠፉ፤ በተከፈተ ቁጥር ላፕቶፑ አንድ መስመር ይጽፋል። ከመስመሩ ፊት ሰዓት የምትለጥፈውን ትንሽ የኮምፒውተር ትእዛዝ ግን ጭራሽ ረሷት። ዛሬ ትዝ ሲላቸው የተጠራቀመውን ፋይል በሙሉ በእሷ በኩል አሳለፉት፤ ሠላሳውም መስመር በአንዴ አለፈ። ትእዛዟ የምታውቀው መስመሩ በፊቷ ሲያልፍ ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ነው፤ የትናንቱን ከየት ታምጣው?

«አቦ አትጨናነቂ» አለ ፕሮፌሰር። «ሰዓቱን በእጃችን እንጽፈዋለን። ሁሉንም ጠዋት እናድርገው፣ እሱ ትምህርት ቤት ሲሆን።»

ሚጢጢ ነገሩን አልወደደችውም። ግን ወንድሟ ንጹሕ ነው፤ ለንጹሕ ሰው ትንሽ ቢዋሽ ምን አለበት? መጻፍ ጀመረች።

ትንሹ ወንድሟ ኳሱን አቅፎ ከኋላዋ ያነብ ነበር። «ጠዋት ቤት ያለችው እኮ አክስቴ ብቻ ናት፤ እሷ ልትጠረጠር ነው» አለ። አክስቱ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ጠዋት ትተኛለች።

«እና?» አለ ፕሮፌሰር።

«እና እሷ አይደለችማ።» አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። በማንኪያ።»

ሚጢጢ ወደ እሱ ዞረች። «እማዬ ፊት ስምልልህ ምን ይሰማህ ነበር?»

«ደስ ይለኝ ነበር።»

ማርማላታውን አናቱ ላይ ብትደፋበት ደስ ባላት። የተረፈ ግን የለም።

«ኧረ እናንተ ልጆች፣ ማስረጃው የታለ?» አለች እናት ከወጥ ቤት።

ፕሮፌሰር ቦርሳውን ማንሳት ጀመረ። «እኔን እንኳን ቤት ይጠብቁኛል።»

«ቁጭ በል» አለችው ሚጢጢ። በእጇ የጻፈችውን ሰዓት ሁሉ አጠፋችና የወንድሟን እጅ ያዘች። «ና። መጀመሪያ እኔ ልዋሻት እንደነበር እነግራታለሁ። ለአንተ የሚደርሰው ቁጣ ትንሽ ይበርድ ይሆናል።»

«ግጥሚያውስ?»

«እሱንማ እርሳው» አለችውና ወደ ወጥ ቤት ይዛው ሄደች።