አንደኛ ሽመላ

«አንደኛ ሽመላ። ጻፊ እንጂ! ምን ታዪኛለሽ?»

ቺዙሩ ብሩሹን ቀለም ውስጥ እንደነከረች ቀረች። አያቷ ሺገዞ ወለሉ ላይ ትራስ ደርቦ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶታል። ጥር ላይ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አድርገውለት እስካሁን በደንብ አይታጠፍም።

«መጀመሪያ ጋዜጣውን ላንብብልህ?»

«አንብቢው። መሳቅ ለጤና ጥሩ ነው።»

የስፖርት ጋዜጣው እንደየዓመቱ ቤዝቦሉ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው የድሮ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ስድስቱ ቡድኖች ስንተኛ እንደሚወጡ አስገምቷቸዋል። ዘንድሮ የተጠየቁት አሥራ ሁለት ናቸው።

«አሥራ አንዱ ሽመላን ስድስተኛ አድርገውታል» አለች። «አንዱ ብቻ አምስተኛ ብሏል።»

«ማነው እሱ?»

«ያ አጭሩ። ድሮ ለሽመላ የተጫወተው።»

«አየሽ! የበላበትን ወጪት የማይሰብር ሰው አልጠፋም።» ሺገዞ ጭኑን መታ። «በይ ጻፊ። አንደኛ ሽመላ፣ ሁለተኛ መብረቅ፣ ሦስተኛ ድብ፣ አራተኛ ተርብ፣ አምስተኛ አዞ፣ ስድስተኛ ቀበሮ።»

ሌላ ጊዜ ራሱ ነበር የሚጽፈው። ዘንድሮ ግን ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል፣ ቀጠሮው ደግሞ ሰኔ ነው። የጋዜጣውን ትልቅ ርዕስ እንኳ የሚያየው ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ነው።

ወረቀቱ ቀጭንና ረጅም ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሰው የሚታጠብበት የእትዬ ሂሳኖ ባኞ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀልና እስከ ጥቅምት እዚያው ይቆያል። የዓመቱ ጨዋታ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቡድን ከተገመተለት ደረጃ ስንት እንደራቀ ይደመራል። ድምሩ ያነሰበት ሰው ስሙ በእንጨት ተቀርጾ ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ይውላል። ድምሩ የበዛበት ደግሞ ትልቁን ገንዳ አድርቆ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ወለሉን በሙሉ ብቻውን ይፈትጋል። ማገዝ ክልክል ነው።

ሺገዞ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ፈትጓል።

ሐኪሙ «መንበርከክ የለም» ብሎታል። የቺዙሩ እናት «አባዬ፣ ዘንድሮ ይቅርብህ» ብላዋለች። እሱ ሁለቱንም «እሺ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። እሺ ማለት ለሺገዞ በሩን ቀስ አድርጎ መዝጋት ነው።

ቺዙሩ ጻፈች። አንደኛ መብረቅ። ሁለተኛ ድብ። ሦስተኛ ተርብ። እጇ ትንሽ ቆመ። አራተኛ ሽመላ። አራተኛ በቂ ነው፤ አስልታዋለች። አራተኛ ካለ ድምሩ ከአራት ብዙም አይርቅም፤ አምና ከእሱ ቀጥሎ የባሰው ሰው ሰባት ነበር።

«አንብቢልኝ እስቲ።»

«አንደኛ ሽመላ» አለች ወረቀቱን እያየች። «ሁለተኛ መብረቅ...»

ሁሉንም አንድም ሳታዛንፍ እሱ እንዳለው አነበበችለት። ሺገዞ ከወገቡ ቦርሳ እንደ ፊርማ የሚጠቀምባትን ትንሿን ማኅተሙን አወጣ፤ ጣቷን ይዞ ቦታውን እንድታሳየው አደረገና ጫን አድርጎ መታው።

«አበቃ» አለ ደስ ብሎት። «እኔ ጢሜን ተላጭቼ ከቶኩጂ ጋር እመጣለሁ። አንቺ ቅደሚ።»

*

ናጊሳ የመንገዱ ጥግ ላይ ስትጠብቃት ነበር። አንድ ክፍል ናቸው። የትምህርት ቤቱን ጋዜጣ የምታዘጋጀው እሷ ናት።

«ያንቺን አሳዪኝ! ያንቺን!»

ቺዙሩ የራሷን ወረቀት አወጣች። የመጀመሪያዋ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ሰው ወረቀት መስቀልም ስብሰባው ላይ መገኘትም አይችልም። አምና ለክፍል ልጆች ብላ የገመተችው ስድስቱም ልክ ወጥቶላት «ጠንቋይዋ» ይሏታል። ክረምቱን ሙሉ ማን እንደተጎዳ፣ ማን እንደተሸጠ፣ ማን ክንዱን እንዳመመው ደብተር ላይ ስትመዘግብ ከርማለች። መብረቅ፣ ድብ፣ ተርብ፣ አዞ፣ ቀበሮ፣ ሽመላ፤ የጋዜጣውም ግምት ይኸው ነው። በዚህ አትከራከርም። የሽመላ አንደኛ ኳስ ወርዋሪ ትከሻውን ታስሯል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ነፍስ ነሽ! ጥቅምት ላይ ስምሽ በር ላይ ነው፣ በቃ። በአሥራ አራት ዓመት! ፎቶ አንስቼ አወጣዋለሁ።» ናጊሳ ሌላውን ወረቀት አየች። «ይሄስ?... እንዴ፣ ይሄ የአያትሽ ማኅተም አይደል? አራተኛ አሉ? ታመሙ እንዴ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። አያውቅም።»

ናጊሳ ቆመች። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ለጉልበታቸው ነዋ። አቦ፣ ልክ ነሽ። ማን ያያል? ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሃል ተሰቅሎ!»

«ማንም አያይም» አለች ቺዙሩ። ራሷን ስታሳምን ድምጿ ይቀጥናል። አሁንም ቀጠነ።

*

ባኞ ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ የፊት ለፊቱ ክፍል ግን ሞልቷል። ሃያ ሰው ይሆናል፣ አብዛኛው ሽማግሌ። የወተት ጠርሙስ ይዘው ይጨቃጨቃሉ። እትዬ ሂሳኖ የእንጨት ባልዲ አቅፈው እየዞሩ ወረቀት ይቀበላሉ።

«ቺዙሩ! አደግሽልን አይደል? አምጪ፣ ያንቺንም የአያትሽንም።»

«እዚህ ውስጥ ከገባ በኋላ በቀጥታ ይሰቀላል አይደል?»

«የምን በቀጥታ! መጀመሪያ አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ እንጂ።»

ቺዙሩ ወረቀቱን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«የ... የአባባም ይነበባል?»

«የሱማ መጨረሻ ነው።» እትዬ ሂሳኖ ባልዲውን ዳሌያቸው ላይ አስደገፉ። «ይሄ ሁሉ ወንድ ስድስተኛ፣ ስድስተኛ እያለ ይጽፍልኛል። ሳነበው አንገታቸውን ደፍተው፣ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። ከዚያ የሺገዞን አነሳለሁ። ገና አንደኛ ስል ቤቱ ይናጋል። ሲስቁ፣ ሲያጨበጭቡ... አምና ቶኩጂ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እኔ ደፍሬ እውነቱን የምጽፈው ሺገዞ ስላለ ነው› አለኝ። እሱን ሳላነብ አንድም ሰው ውሃ ውስጥ አይገባም።»

እትዬ ሂሳኖ ወደ ሌሎቹ ሄዱ። ናጊሳ በክርኗ ነካቻት።

«አስገቢው በቃ። ትንሽ ሼም ቢሆን ነው።»

«አራተኛ ብለው ሲያነቡት እሱ እዚህ ተቀምጦ ይሰማል፣ ናጊሳ። በራሱ ማኅተም።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀትና ብሩሽ አለ። ቺዙሩ ሄዳ አንዱን ሳበች። አንደኛ ሽመላ፣ ሁለተኛ መብረቅ፣ አያቷ እንዳላት እስከ ስድስተኛ ጻፈችው። አንድ ደቂቃም አልፈጀባትም። ግን ማኅተም የለውም። ማኅተም የሌለውን እትዬ ሂሳኖ አይቀበሉም፤ ማኅተሙ ደግሞ ያለው አያቷ ወገብ ላይ ነው።

በሩ ተንሸራተተ። ሺገዞ በአንድ እጁ ዱላ ይዞ፣ በሌላው ፀጉር አስተካካዩን ጋሽ ቶኩጂን ተደግፎ ገባ። ጢሙ ተላጭቶ ያብረቀርቃል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጋሽ ቶኩጂ ወተት ፍለጋ ሄዱ። ሺገዞ ጫማውን ሊያወልቅ የጫማ መደርደሪያውን ጫፍ ያዘ። አንዴ ጎንበስ አለ፣ ጉልበቱ እምቢ አለው። ሁለተኛ ሞከረ። በሦስተኛው ቺዙሩ ደርሳ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች።

«ተይው፣ እችላለሁ።»

«አባባ፣ ማኅተምህን ስጠኝ።»

«መትቻለሁ እኮ።»

«ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።»

«አንብበሽልኛል።»

ቺዙሩ የጫማውን ማሰሪያ ፈታች። ቀና አላለችም።

«ያነበብኩልህ ሌላ ነው። የተጻፈው ሌላ።»

ከወዲያ የወተት ጠርሙስ ይንኳኳል፣ አንድ ሽማግሌ ስለመብረቅ አዲስ መቺ ይጮሃል።

«ስንተኛ አደረግሽኝ?»

«አራተኛ።»

«አራተኛ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስድስተኛ ብትዪኝ እኮ ይገባኛል፣ እሱስ አቋም ነው። አራተኛ ምንድነው? አራተኛ የፈሪ ቁጥር ነው።»

«ለጉልበትህ ብዬ ነው።»

«ጉልበቴ የኔ ነው።» ቦርሳውን ከፈተ። «ወረቀቱ የታለ? የእውነቱ።»

አዲሱን ሰጠችው። ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ምንም እንዳላየ ታውቃለች። ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማስነበብ ይችል ነበር። አላደረገውም።

«ጣትሽን አምጪ።»

ቦታውን አሳየችው። መታው።

«እስከ ጥቅምት ይድናል» አለ እግሩን በቀስታ ከፍ ወዳለው የውስጥ ወለል እያወጣ። «ደሞ ባይድንስ? የጻፈ ይፈትጋል። ማንም እንዳያግዘኝ። ደንብ ደንብ ነው።»

ወጥቶ ለመቆም ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ያዘ።

ቺዙሩ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ከዚያ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፤ ሌላ ባዶ ወረቀት ሳበች።

«ደግሞ ምን ልትጽፊ ነው?» አለች ናጊሳ። «የሳቸው አልቋል አይደል?»

«የራሴን።»

ከቤት ያመጣችውን የራሷን ግምት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። አዲሱን ቶሎ ቶሎ ጻፈች፤ ቶሎ ካልጻፈች ይቆጫታል። ማኅተሟን መታች። አያቷ ለልደቷ የሰጣት ነው፤ ዛሬ ገና ቀለም ነካው። የአያቷን አዲሱን ወረቀትና የራሷን ባልዲው ውስጥ ጣለች።

*

እውነትም ለቅሶ ቤት ይመስላል። እትዬ ሂሳኖ ያነባሉ። ስድስተኛ ሽመላ። ስድስተኛ ሽመላ። አንዱ ደፍሮ አምስተኛ ብሎ ኖሮ፣ ሲነበብ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ቶኩጂ የራሳቸው ሲነበብ ጠርሙሳቸው ውስጥ አቀረቀሩ።

«ቺዙሩ» አሉ እትዬ ሂሳኖ፤ ሁሉም ዞረ። ጠንቋይነቷን ሰፈሩ ሰምቷል። «አንደኛ... ሽመላ።»

አንድ ሰው «ኧረ!» አለ።

«ሁለተኛ ቀበሮ። ሦስተኛ አዞ። አራተኛ ተርብ። አምስተኛ ድብ። ስድስተኛ...» መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ስድስተኛ መብረቅ?»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ጋሽ ቶኩጂ ናቸው የጀመሩት።

«ልጄ፣ ጋዜጣውን ዘቅዝቀሽ ነው እንዴ ያነበብሽው?»

ቤቱ ሳቀ። ቺዙሩ ጆሮዋ ነደደ። ናጊሳ ጆሮዋ ሥር ገብታ «ያምሻል? ስምሽስ? ጋዜጣዬስ?» ትላለች። ቺዙሩ ወተቷን ከፈተች።

ከዚያ የሺገዞ ተነበበ። ገና «አንደኛ» ሲባል ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ሽማግሌዎቹ በባልዲ፣ በጠርሙስ፣ ባገኙት ነገር ይመታሉ። ሺገዞ ተቀምጦ እንደ ንጉሥ እጁን አነሳ። የጎበጡት ሁሉ ቀና አሉ። ናጊሳ እንኳ ኩርፊያዋን ረስታ እያጨበጨበች ነው።

ሰው ፎጣ ፎጣውን ይዞ ወደ ውስጥ ሲገባ ሺገዞ አልተነሳም። ጣቶቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ጋዜጣው እንዳለው ከሆነ» አለ በመጨረሻ፣ «ያንቺ አሥራ ስምንት ይመጣል።»

«አዎ።»

«የኔስ?»

«አሥር።»

ሺገዞ ወተቱን ጠጣ። ጨረሰው። ጠርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ትንሽ አዞረው።

«ከአሥራ ስምንት የበለጠ መሳሳት ይቻላል?»

«አይቻልም። የመጨረሻው ነው።»

«አስልተሽዋላ።»

ቺዙሩ የጠርሙሷን ክዳን ጣቶቿ መሃል አሽከረከረች።

«ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ አለኝ» አለ ወደ በሩ እያየ። «ለጥጋጥጉ እሱን የሚያህል የለም። ጥቅምት ላይ አውስሻለሁ።»

«ማገዝ ክልክል ነው።»

«ማዋስ ማገዝ አይደለም። ሂሳኖን ጠይቂያት።» ዱላውን ይዞ ተነሳ፤ ዘንድሮ በመጀመሪያው ሙከራ ሲቆም ገና ማየቷ ነው። «ደሞ ሽመላ አንደኛ ከወጣ እንዳትመጪብኝ። ያኔ ስሜ በር ላይ ነው፣ ሥራ ይበዛብኛል።»

እየሳቀ ወደ ወንዶቹ በር ሄደ።

ቺዙሩ ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካች። ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ጠልቆ እንዲገባ በጣቷ ገፋችውና ፎጣዋን አንስታ ወደ ሴቶቹ በር ገባች።

ውስጡ በእንፋሎት ነጥቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ ገብታበታለች፤ ወለሉን ግን አይታው አታውቅም። ትንንሽ ሰማያዊ ሴራሚክ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ደፍ ላይ ቆማ አንዱን ረድፍ ቆጠረች። ሠላሳ ስድስት።

ረድፎቹን መቁጠር ጀመረች።