የት ታየ?

መምህሯ ዐርብ ሞታ የተገኘችው በዩኒቨርሲቲው ሥዕል ማሳያ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፈው በቆሙ ባዶ የሥዕል ክፈፎች መካከል፣ በግንባሯ ተደፍታ ነው። ማጅራቷ የተመታበት የአናጺ መዶሻ አጠገቧ ወድቋል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ሁለት ነው፤ የእሷ የገባበት አልታወቀም፣ ሁለተኛው በጥበቃው ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ነገር ማንዛዛት አትወድም። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» የሚላቸውን ጥበቃ በዚያው ዐርብ በካቴና አስራ ወሰደቻቸው። ሥራ ላይ ተኝተዋል ብላ መምህሯ ከሳቸዋለች፣ ቁልፉም በእጃቸው ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ሰኞ ጠዋት ክሱ ይመሠረታል።

ቅዳሜ ወደ ትምህርት ክፍሉ የመለሳት አንዲት ወረቀት ናት። ከዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ሥር የተገኘች፣ ስም የሌላት፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የተቦጨቀች በኮምፒውተር የተጻፈች ገጽ። ላይኛው አዳራሽ ስለተሰቀለ አንድ የድግስ ሥዕል ታትታለች። አንዱ መስመር በቀይ ተከቦ፣ ከጎኑ በመምህሯ እጅ «የት ታየ?» ተብሏል።

የክፍሉ ኃላፊ ገጿን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣቱ ያዛት።

«የማን ናት?» አለችው።

«የተማሪ። ዘንድሮ የሚመረቁት ሁለቱም ስለዚሁ ሥዕል ነው የጻፉት። ማንበብ የሷ ሥራ ነበር።»

«ትጠሏት ነበር አሉ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ተማሪን ሥዕል ፊት አንድ ሰዓት እየገተረች፣ ‹ዓይንህ ያየውን ብቻ ጻፍ› የምትል ሴት! ይህ የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው?» ሰዓቱን አየ። «ዐርብ ጠዋት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ዲኑን ይጠይቁ። ገዳዩን ይዘዋል፤ እዚህ ምን ያዞርዎታል?»

መርማሪዋም በልቧ ሥዕል እያዩ ዲግሪ መቀበልን ሥራ ፈትነት ትለው ነበር። ሰውየውን ግን ከትምህርቱ አብልጣ ጠላችው።

ዐርብ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ መምህሯ በሞተችበት ሰዓት፣ ሁለቱ ተማሪዎች ለየብቻ፣ በተለያየ አዳራሽ ሥዕል ፊት ተቀምጠን ነበር ብለዋል። አንደኛው በክፍሉ ሁሌ አንደኛ የሚወጣው፣ «ጎበዙ» የሚሉት ነው። ሲያነጋግራት ከወንበሩ አልተነሳም።

«ላይኛው አዳራሽ፣ ድግሱ ፊት ነበርኩ። ደብተሬ ይኸው።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«በሥዕሉ ላይ አሥራ ሁለት ሰው አለ። እነሱን ይጠይቁ።»

ሦስት ገጽ ሙሉ፣ አንድ ስርዝ የለውም። የእንግዶቹ ብዛት፣ የጨርቁ እጥፋት፣ ውሻው፣ ጽዋው፣ ምንም አልቀረ።

«ገጿስ ያንተ ናት?»

«የዘበኛው ልጅ ገጽ ትሆናለች። እንዲህ የምትጽፈው እሷ ናት።»

ሁለተኛዋ ተማሪ፣ የጋሼ ቁልፍ ልጅ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። አባቷ በሚጠብቋቸው አዳራሾች ውስጥ ያደገች፣ ቃል የማይወጣት ልጅ ናት። ደብተሯን ወረወረችላት ማለት ይቀላል። ግማሽ ገጽ፣ በስርዝ የተሞላ፦ «የመስኮቱ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ የሴትዮዋን ግራ ዓይን ለማየት ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ። ክፈፉ ጥግ ሸረሪት አድርቷል።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ይኸው ብቻ?»

«ያየሁት ይህን ነው።»

«ስለ አባትሽ...»

«ስለ አባቴ ከእርስዎ ጋር የማወራው የለኝም።»

መርማሪዋ የመምህሯን ጠረጴዛ ፈተሸች፣ እዚያ ያለውን መማሪያ መጽሐፍም ገለጠች። ከዚያ የጎበዙን ደብተር ይዛ ወደ ላይኛው አዳራሽ ወጣችና ድግሱ ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ ሰለቻት፣ ወገቧንም አመማት። ቀጥሎ መስመር በመስመር ማመሳከር ጀመረች። ስትወርድ ስልኳን አውጥታ «ሽማግሌውን አምጧቸው» አለች።

ሁሉም ሥዕሉ ፊት ተሰበሰቡ፤ ጋሼ ቁልፍ ከነካቴናቸው፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል።

«አንብብልን» አለች መርማሪዋ ጎበዙን።

ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «...በግራ ጠርዝ ውሻ ተኝቷል፣ ፊቱን ከድግሱ አዙሮ...»

«አሳየኝ።»

ጣቱን ወደ ግራ ላከ። የጠረጴዛው እግር አለ፣ ቀጥሎ ወርቅ የተቀባው የክፈፉ እንጨት ነው። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይህ ክፈፍ መቼ ተገጠመ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው» አሉ ሽማግሌው። «ወፍራም ነው፣ ግራውን አራት ጣት ይበላል። ውሻው ከሥሩ ነው።»

«መማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ሥዕሉ ያለ ክፈፍ ታትሟል» አለች መርማሪዋ። «ውሻው እዚያ ላይ አለ። ዐርብ እዚህ አልተቀመጥክም፤ ደብተሩን ከመጽሐፉ ነው የሞላኸው። በገጿ ላይ በቀይ የተከበበውም ይኸው ውሻ ነው።»

«የዘበኛው ልጅም ከመጽሐፍ ልትገለብጥ ትችላለች።»

«የእሷ ጽሑፍ መምህሯ ጠረጴዛ ላይ ከነሽፋኑ አለ። ‹በግራ በኩል ክፈፉ የሸፈነው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አላየሁም› ይላል። ያንተ ጽሑፍ ግን የለም። ከመምህሯ እጅ ስትነጥቀው አንዲት ገጽ ተቦጭቃ ቀረችብህ።»

አንዱ ፖሊስ የጎበዙን ቦርሳ ከፈተ። የመምህሯ ቁልፍ ከውስጥ ኪሱ ወጣ።

«ሄደህ እይ አለችኝ» አለ ጎበዙ። «አራት ዓመት አንደኛ የወጣሁትን ሰው፣ እንደ ሕፃን። ስሕተቱ ምን እንደሆነ እንኳ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ካላየህ አትመረቅም አለች። ዕቃ ቤት ድረስ እየተከተልኩ ለመንኳት፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

«ከገደልካት በኋላም ሄደህ አላየህም» አለች መርማሪዋ። «ብታይ ኖሮ ውሻውን ትተወው ነበር።»

ወሰዱት። የክፍሉ ኃላፊ ሥዕሉ ላይ አፍጥጦ ቀረ፤ ውሻው እንደማይታይ እሱም ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

መርማሪዋ ካቴናውን በራሷ እጅ ፈታች። ማንም አላመሰገናትም። ልጅቷ ሰንበር ያወጣውን የአባቷን አንጓ ይዛ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ቀና አለች።

«አባቴ ገደለ ብለው ጽፈዋል አይደል?»

«ጽፌአለሁ።»

«የት አዩት?»

መርማሪዋ ካቴናውን ኪሷ ከትታ መንገድ ለቀቀችላቸው።